የድመቷ ጥፋት ነው ወይስ የአፈሩ?

ድመት የቤት እንስሳ ናት ተብሎ ፊደል በቆጠርንበት ዘመን ሁላችንም ተምረናል። የማን ቤት እንስሳ እንደሆነች ግን አልተነገረንም። የመሪ ሠፈር ነዋሪ ይህን ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ስትበላ የጎረቤት፣ ስትፀዳዳ የእኛ!» ይላል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለግድግዳ ጋዜጣ የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ስለ ድመት ዓይነ ምድር ይጻፋል ወይ? ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በዚሁ ተራ በተባለ ነገር ምክንያት ለብዙ ዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ሲደርሱ በዓይናችን አይተናል። መርዝ ይገዛ ሲባልም ሰምተናል። ከሁሉም በላይ ጉዳዩ የአንዲት ነፍሰ ጡርን ጤንነት የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለሆነም ያየነውን፣ የሞከርነውንና ከመጽሐፍ ያገኘነውን አቀናጅተን እነሆ አቅርበናል።

እንደሚታወቀው መሪ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር መሥመር ላይ፣ ከአያት ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ለሚመጣ ሰው ከሲኤምሲ በፊት የሚገኝ ሠፈር ነው። ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ባሕር ዛፍ የለበሰውን የእንጦጦን የተራራ ሰንሰለት ያያል። ሠፈሩ ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው። በየበሩ አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት ተከምሮ ይታያል። ይህን የአሸዋ ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ አራት ሠልጣኞች በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የቤቱ ባለቤት እማማ ከጓሮ ዐሥር እርምጃ በስድስት የምትሆን የአትክልት ቦታ አለቻቸው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቃሪያ ይተክሉባታል። ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ከበዋታል። ውላችን ግልጽ ነው፤ እኛ እንኮተኩታለን፣ ውኃ እናጠጣለን፣ በምትኩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጎመን እንቆርጣለን። የሠልጣኝን ኪስ የሚያውቅ ሰው ይህ ውል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይረዳዋል። እንጀራውን ከገዛን ወጡ ከጓሮ ነው።

ችግሩ የጀመረው በጥቅምት፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ከወጣ በኋላ ነው። ለካሮት ያዘጋጀነውን መደብ አፈሩን አድቅቀን፣ ደልድለን፣ ዘሩን ዘርተን እናድራለን፤ ጧት ስንነሣ መደቡ ተጭሯል፣ ዘሩ ተበትኗል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ደግመን ዘራን፤ ደግመው ጫሩት። በዚህ ጊዜ የእማማ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ጓሮውን ማረም የምትወድ እርሷ ናት። ባዶ እጇን አፈሩ ውስጥ ከትታ አረም ስትነቅል እጇ የማይነካ ነገር ይነካል። እማማን ያስቆጣቸውም ከካሮቱ ይልቅ ይኸው ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እህል ነጋዴ ናቸው። ጤፍና ስንዴ በጆንያ የሚከምሩበት መጋዘን ስላላቸው ለአይጥ መከላከያ ሦስት ድመቶች ያኖራሉ። አንድ ጧት እማማ በአጥሩ ቀዳዳ ተጣርተው፣

«ጋሽዬ፣ ኧረ እባክዎ ድመቶችዎን ይሰብስቡልኝ! ልጄ ነፍሰ ጡር ናት እኮ!» አሏቸው።

«እትዬ፣ ድመት በግ ናት እንዴ በገመድ አሥሬ የማኖራት? ደግሞስ የኔ ድመት መሆኗን በምን አወቁ? ስሟ ተጽፎባታል?» ብለው መለሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የቡናው ጥሪ ተቋረጠ። ሲኒ ይዛ በበሩ የምትመላለሰው ልጅም ቀረች። በእድር ስብሰባ ላይ እንኳ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ከእኛ መካከል ሕግ ማንበብ የሚወድ አንድ ባልደረባችን መላ ላምጣ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እማማ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ነገር ግን ሕጉ በዚያ አያበቃም፤ የቤት እንስሳ ባለቤት በበኩሉ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ጉዳት ለደረሰበት ሰው ለቆ ከኃላፊነቱ ሊድን እንደሚችልም ይፈቅዳል። «ታዲያ ጭራሽ ድመቷን ጨምረው ሊሰጡኝ ነዋ!» ብለው እማማ በሣቅ ፈረሱ። የክሱ ነገር በዚሁ ቀረ።

ሁለተኛው መላ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። ለጥየቃ የመጣ አንድ የእማማ ዘመድ «ይኼ ምን ያስቸግራል? የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሶ አጥር ሥር መጣል ነው» አለ። እማማ ዝም አሉ። ልጃቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። ቆየት ብለው «እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?» አሉን።

እኛም አይሆንም አልን። ምክንያታችንን እዚህ ላይ መዘርዘር የሚገባን ይኸው ሐሳብ በየሠፈሩ የሚነሣ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ መርዝ ሰው አይመርጥም። አጥር ሥር የወደቀ ሥጋ ዶሮም፣ ውሻም፣ የሚድህ ሕፃንም ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ መርዝ የሞተውን እንስሳ የበላ አሞራና ውሻም ተከትሎ ይሞታል። ሦስተኛ፣ ድመት አልቃ አታልቅም። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም አራትና አምስት ልትወልድ ትችላለች። ምግብና መጠለያ እስካለ ድረስ አንዷ የለቀቀችውን ቦታ ሌላዋ ከላይ ሠፈር መጥታ ትይዘዋለች። አራተኛ፣ የእህል መጋዘን አጠገብ እየኖሩ ድመት መግደል አይጥን በደብዳቤ መጋበዝ ነው። እማማ ራሳቸው ጎረቤታቸው ድመት ካስገቡ ወዲህ የጤፍ ጆንያቸው እንዳልተቀደደ በቁጣቸው መሐል መስክረዋል። አምስተኛው ምክንያት ለመጻፍ አጭር ነው፤ ድመቷ ተንፈራግጣ ትሞታለች፣ ጎረቤቱም ማን እንዳደረገው ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ቡና የለም።

«እንግዲያው ምን ይሻላል?» ነው ቀጣዩ ጥያቄ። መምህራኖቻችን ዘወትር እንደሚያሳስቡን መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ችግሩን ማየት ይቀድማል። ስለዚህ አንድ ደብተር አዘጋጅተን ለዐሥር ቀናት በየተራ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት እየተነሣን በመስኮት መጠበቅ ጀመርን። ብርዱን ለእንጦጦ ሥር ሰው አንነግረውም፤ ያውቀዋል።

ያየነው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚመጡት ድመቶች ሦስት ብቻ አልነበሩም። በመልካቸው ለይተን ሰባት ቆጠርን። ከሰባቱ ሦስቱ የጎረቤታችን ሲሆኑ የቀሩት አራቱ ጌታ የሌላቸው፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚውሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ጎመኑ ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩን በሸፈነበት መደብ ማንኛዋም ድመት አልገባችም። ማታ ውኃ በደንብ የጠጣው መደብም አልተነካም። ሁሉም ቀጥ ብለው የሚሄዱት አዲስ ወደተኮተኮተው፣ ወደ ደረቀውና ወደ ላመው አፈር ነው። ሦስተኛውን ያገኘነው ከደብተሩ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት የሚሠራ ቤት ነበር። ልስኑ በመስከረም ሲያልቅ ክረምቱን ሙሉ ላስቲክ ለብሶ የከረመው የአሸዋ ክምር አብሮ አለቀ። ለካ የሠፈሩ ድመት ሁሉ ጉዳዩን የሚፈጽመው እዚያ ላስቲኩ ሥር ኖሯል! አሸዋው ሲነሣ ከአሸዋ ቀጥሎ የሚመቸው ቦታ የእኛ የካሮት መደብ ሆነ።

ነገሩ የባሕርይ ጉዳይ ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት አረጋግጧል። ይህች የዱር ድመት በደረቅና በአሸዋማ ምድር የኖረች ናት፤ በአገራችንም ትገኛለች። ከሰው ጋር የተጎዳኘችበት ታሪክም እንደ ውሻ ለአደን አይደለም። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት መገኘቷ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ልስልስ አፈር ጭሮ የመቅበር ልማዷን አልተወችም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረታችን የተተረተው አይጥ ስለ መያዟ ይሁን እንጂ ለዚህም ይሠራል። እንግዲህ አፈሩን አድቅቆ፣ አድርቆና ደልድሎ የሚያዘጋጅላት ሰው ስታገኝ ግብዣ አይደለም ብላ እንድትመለስ መጠበቅ አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሙከራ ገባን። ጓሮውን በስድስት መደብ ከፍለን አምስቱ ላይ የተለያየ ዘዴ ስንሞክር አንዱን ምንም ሳናደርግበት ለማነጻጸሪያ ተውነው። ሳይንስ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ያለ ማነጻጸሪያ የሚደረግ ሙከራ ወሬ ነው ይሉናልና።

ያልተነካው መደብ በየሌሊቱ ማለት ይቻላል ተጫረ። እንጀራ ከተጋገረበት ምድጃ አመድ አውጥተን የነሰነስንበት መደብም ከእርሱ አልተሻለም፤ እንዲያውም አመዱ እንደ አሸዋ ልስልስ ስለሆነ የወደዱት መስሏል። በርበሬ የተነሰነሰበት ለሁለት ሌሊት ዳነ፤ ውኃ ሲጠጣ በርበሬው ታጥቦ ሄደ፣ ድመቶቹም ተመለሱ። በርበሬ በዛሬ ዋጋ ለአፈር የሚበተን ነገር አይደለም፤ የእንስሳዋን ዓይን ማቃጠሉም ደግ ሥራ አይደለም። ጤና አዳም ሽታዋ ድመት ያባርራል ተብሎ በብዙ አገር ይነገራል። ቅርንጫፏን እየቆረጥን መደቡ ላይ አስቀመጥን። ትኩስ ሳለች አንዳንዶቹን አራቀች፤ ስትጠወልግ ግን አልተፈራችም። ዳር ላይ መትከሉ አይከፋም፤ ብቻዋን ግን ዘበኛ አትሆንም።

የቀሩት ሁለቱ ሠሩ። አንደኛው ጭራሮ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ የሚሸጠውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በስንዝር በስንዝር ቆርጠን፣ በስንዝር ርቀት መደቡ ላይ አቁመን ተከልነው። ድመት ለመጫር ቦታ፣ ለመቀመጥም ቦታ ትፈልጋለች፤ እንጨት በእንጨት በሆነ መሬት ላይ ሁለቱንም አታገኝም። መጣች፣ አሸተተች፣ ዞረች፣ ሄደች። ሁለተኛው እሾህ ነው። የቀጋና የአጋም ቅርንጫፍ ዘሩ እስኪበቅል ድረስ በላዩ ላይ አነጠፍን። እሾኹ ውጤቱ መልካም ቢሆንም አራሚውንም ስለሚወጋ ለካሮት ሳይሆን ለዳር ለዳሩ ይሻላል። ገንዘብ ያለው ሰው የዶሮ ሽቦ በአፈሩ ላይ ዘርግቶ በየቀዳዳው ቢተክል ያው ነው። ዘሩ በቅሎ አፈሩን ሲሸፍን ጭራሮው ይነቀላል፤ ለምድጃ ይሆናል። የሚጠፋ ነገር የለም።

ማድረግ ስለማይገባው ነገርም አንድ ቃል እንበል። ለልብስ ብል የሚደረገውን ነጭ የናፍታሊን እንክብል ጓሮ ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች አሉ። ይህ ለድመቷም፣ ከረሜላ መስሎት ለሚያነሣው ሕፃንም መርዝ ነው። ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ አፈሩን ያበላሻል። ፌኖል ያለባቸው የቤት ማጽጃ መድኃኒቶች ደግሞ ለድመት ከሌላው እንስሳ ይበልጥ አደገኞች ናቸው፤ ጉበቷ እነርሱን ፈጭቶ የማስወገድ አቅሙ ደካማ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የድመት ዓይነ ምድር ከሌላው ለምን ተለየ? አባቶቻችን የከብት እበት ለምርጊትና ለኩበት፣ የፈረስ ፋንድያ፣ የበግና የፍየል በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ ለማዳበሪያ ሲያውሉ ኖረዋል። የድመትን ግን ለምንም አልፈለጉትም። ልማዱ ትክክል ነው። ሥጋ በል እንስሳ የሚጥለው ነገር ወደ ሰው የሚተላለፉ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል ለአትክልት ብስባሽ መጨመር የለበትም።

ከእነዚህ ተሕዋስያን ዋናው ቶክሶፕላዝማ ይባላል። በ1908 እ.ኤ.አ. ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ የተባሉ ተመራማሪዎች ቱኒስ ውስጥ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ላይ አገኙት። የድመት ድርሻ የታወቀው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ተሕዋሲው ዕንቁላል መሳይ ቅንጣቱን የሚያፈራው በድመት ዘር አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። የተያዘች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ታቆማለች። ስለዚህ ድመት ሁሉ፣ ሁልጊዜ በሽታ ታስተላልፋለች ማለት አይደለም። ቅንጣቶቹ ግን አንዴ አፈር ውስጥ ከገቡ፣ እርጥበት ካገኙ፣ ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ጤናማ ሰው ቢይዘው ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። አደጋው ከዚህ በፊት ይዟት የማያውቅ ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው፤ ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ወይም የሕፃኑ ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በሽታን የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም እንዲሁ አስጊ ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር መንገዱ በድመት በኩል ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልበሰለ ክትፎም ያስተላልፋል። ድመት እያባረሩ ጥሬ ሥጋ መቁረጥ በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው።

የእማማ ልጅ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ ጉዳዩን አንሥታ ጠየቀች። የተሰጣት ምክር ቀላል ነበር፤ አረሙን ለሌላ ሰው ተዪ፣ አፈር ከነካሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ሰላጣና ካሮቱን በብዙ ውኃ እጠቢ፣ የሚበስለውን አብስዪ፣ ጥሬ ሥጋ ይቅርብሽ፣ ክትትልሽን አታቋርጪ። አረሙን እኛ ተረከብን። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን በርጩማዋን አውጥታ ተቀምጣ «እዚያች ጋ ቀረች፣ ያቺን ነቅለሃት አልፈሃል!» እያለች ታዝዘናለች። እንዲህ ዓይነት ተቆጣጣሪ መምህር ገና በማስተማር ልምምድ ላይ እንኳ አልገጠመንም።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ጓሮውን በጭራሮ ዘጋን እንበል፤ ድመቶቹ የት ይሂዱ? ከእኛ ተባርረው ወደ ቀጣዩ ጎረቤት ሰላጣ ከሄዱ ችግሩን አንቀሳቀስነው እንጂ አልፈታነውም። ስለዚህ ደብተራችንን ይዘን ወደ እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ሄድን።

«ጋሼ፣ ሦስት ደቂቃ ይስጡን» ብለን ዐሥሩን ቀን አነበብንላቸው። ሰባት ድመት መሆኑን፣ ሦስቱ የእርሳቸው፣ አራቱ የማንም መሆናቸውን፣ የአሸዋውንም ታሪክ ነገርናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ራሳቸው አገላበጡት። «ይቺ ነጭና ጥቁሯ የኔ ናት። ይኼ ቀዩ ግን የኔ አይደለም፤ እኔንም ሰርቆኛል» አሉ። ቀጥለውም «እትዬ ይህን አይተዋል?» አሉ። አይተዋል አልናቸው። «ሦስቱን አልክድም። ምን ላድርግ ታዲያ?» ሲሉ ሁለት የእጅ ጋሪ አሸዋ ለመንናቸው። ከመጋዘናቸው ጥገና የተረፈ ነበራቸው፤ ሰጡን።

አሸዋውን በሁለቱ ግቢ ወሰን፣ ከአትክልቱና ከውኃ ቧንቧው በራቀ ጥግ፣ ዝናብ እንዳይመታው ቁራጭ ቆርቆሮ አልብሰን አደረግነው። ድመቶቹ በሁለተኛው ሌሊት አገኙት። በየቀኑ ጧት ጧት በአካፋ እየዛቅን ራቅ ባለ ጉድጓድ እንቀብረዋለን። በየቀኑ የምንለው በምክንያት ነው። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ቅንጣቶች እንደወጡ ወዲያው በሽታ አያስይዙም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋሉ። ሳያድር የተነሣ ነገር አደጋው ያነሰ ነው። ዛቂው እጁን በፌስታል ይሸፍናል፣ በኋላም በሳሙና ይታጠባል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ወደዚያ ጥግ አይጠጉም። ሥራ ለመቀነስ ብሎ በሳምንት አንዴ መዛቅ ግን ከአለመዛቅ ብዙም አይሻልም።

በነገራችን ላይ ይህ የአሸዋ ዘዴ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሌላው ዓለም ድመት ቤት ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች አሸዋና አመድ ይጠቀሙ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኤድ ሎው የተባለ ሰው ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ብትጠይቀው በአሸዋው ፋንታ ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈር ጠጠር ሰጣት። እርሷም መልሳ ሌላ መግዛት ፈለገች። ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ የድመት አፈር እያሸገ በመሸጥ ባለጸጋ ሆነ። እኛ እስካሁን የበለጸግነው በካሮት ብቻ ነው።

ቡናውስ? ወዲያው አልተጀመረም። እማማና ጎረቤታቸው ለጥቂት ቀናት በእኛ በኩል ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። አንድ እሑድ እማማ አንድ ጭብጥ ጎመን አሥረው ላኩላቸው። ጋሼም «ታጥቧል ወይ በሏቸው» ብለው መለሱ። እማማ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸው ወጡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ ሲኒዋን የምትመላለሰው ልጅ ግን በማግሥቱ በሩን አንኳኳች።

ከዚህ ሁሉ የቀሰምነው ለሙያችንም የሚበጅ መስሎ ስለታየን እንጨምረው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ ይኖረናል። ተማሪዎች በባዶ እጃቸው ያርሙበታል፣ ካሮቱን ሳያጥቡ ይገምጡታል። አዲስ የተዘራ መደብ ሳይሸፈን አይደር፤ ጭራሮ ከሁሉም ይረክሳል። የአሸዋ ክምር ካለ ይሸፈን። እጅ ሳይታጠብ ወደ ክፍል አይገባ። ይህንኑ ነገር ደግሞ ትምህርት ማድረግ ይቻላል። ስድስት መደብ፣ አንድ ማነጻጸሪያ፣ አንድ ደብተር፤ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን አያጣም። ተማሪው ድመቷን በድንጋይ ከማባረሩ በፊት ለምን እዚህ መጣች? ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎረቤቱንም ከመክሰሱ በፊት ስንት ድመት እንዳለ ቢቆጥር፣ ሳይንስ ተምሯል እንላለን። ክፍል ውስጥ የሚረብሸውን ልጅ በተመለከተም ይኸው ጥያቄ ለመምህሩ ሊጠቅም ይችላል፤ እዚያ ላይ ግን መምህራኖቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለማስተማር ልምምድ ወደየምድባችን እንበተናለን። ካሮቱ ያን ጊዜ ገና አይደርስም። አሸዋውን ማን እንደሚዝቅ ከወዲሁ መነጋገር ነበረብንና እማማ ባሉበት የተራ ሰንጠረዥ አውጥተን ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፈናል። ሰኞና ማክሰኞ የእማማ ወንድ ልጅ፣ ረቡዕና ሐሙስ የጎረቤታችን የመጋዘን ሠራተኛ፣ ዓርብ እማማ፣ ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው፣ እሑድ ከልምምድ ቅርብ የተመደበው ባልደረባችን። የእማማ ልጅ ስሟ ለምን እንዳልገባ ጠይቃ፣ ከወለደች በኋላ እንደሚታሰብበት ተነግሯታል። ለድመቶቹ ተራ አላወጣንላቸውም፤ ድርሻቸውን በእህል መጋዘኑ ይሠራሉ።